ውሃ ሰማያዊ፦ ከሞኔ ሥዕል ፊት ቆሜ ወንዝ መሳል እንዴት እንደተማርኩ

የመጀመሪያውን የወንዝ ሥዕሌን የሳልኩት ዋሽንግተን፣ ፖቶማክ ወንዝ ዳር ነው። ጆርጅታውን ካለው መናፈሻ ተቀምጬ፣ ኪ ብሪጅ የሚሉትን ባለ ቅስት ድልድይ ፊት ለፊቴ አደረግኩ። ከቱቦው ሰማያዊ ጨመቅኩ። ትንሽ ነጭ ጨመርኩበት። ውሃውን ከዳር እስከ ዳር ቀባሁት። ድልድዩን በጥቁር መስመር ከበብኩት። ስጨርስ ድልድዩ ድልድይ ሆኗል። ውሃው ግን ውሃ አልሆነም። መሬት ላይ የተዘረጋ ላስቲክ ይመስል ነበር። በጣም አዘንኩ።

ጥቁሩ መስመር ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። ሥዕል ያስተማረኝ አጎቴ ነው። አዲስ አበባ ሳለን ቅዱሳንን እየሳለ ይሸጥ ነበር። በእሱ አሳሳል መጀመሪያ መስመር ይወጣል። ከዚያ እያንዳንዱ ክፍል በየራሱ ቀለም ይሞላል። መጎናጸፊያው ቀይ ከሆነ ጠዋትም ማታም ቀይ ነው። «ልጄ፣ መስመር ከሌለ ቅዱሱ የት ይቆማል?» ይለኝ ነበር። ልክ ነው። ለቅዱሱ ልክ ነው። ወንዝ ግን መስመር የለውም፤ ቀለሙም በየደቂቃው ይለዋወጣል።

ሰማያዊው ደግሞ ከቋንቋችን የመጣ መሰለኝ። «ውሃ ሰማያዊ» እያልን ነው ያደግነው። ስለዚህ እጄ ሳያይ ሰማያዊ ያነሳል። ብዙ ቆይቼ ነው ስሙን በደንብ ያነበብኩት። ሰማያዊ ማለት የሰማይ ማለት ነው። ስሙ ውሃው የሰማይን ቀለም ይይዛል ነው የሚለው። ሰማዩ አመድማ ሲሆን ውሃው አመድማ ነው። ሰማዩ ሲቀላ ውሃው ይቀላል። ዛፍ ሲጋርደው ደግሞ የዛፉን ይወስዳል። ውሃ የራሱን ከማሳየቱ በፊት የሌላውን ያሳያል።

ይህን ነገር ያስተማረኝ አንድ ሥዕል ነው። ከሥዕሉ ያየሁትንና ወንዝ ዳር የሞከርኩትን አንድ ላይ ልጻፍላችሁ። የዘይት ቀለም ጀማሪ የሆነ ሰው በደንብ ሊከተለው ይችላል። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ሥዕሉ ፊት ቁሙ

ሥዕሉ የፈረንሳዊው ሠዓሊ የክሎድ ሞኔ «የአርዣንቶይ ድልድይ» ነው። የተሳለው በ1874 ነው። ዋሽንግተን ናሽናል ጋለሪ ኦፍ አርት ውስጥ፣ በምዕራቡ ሕንፃ ስብስብ ይገኛል። መግቢያው ነፃ ነው። ስፋቱ 80 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ ቁመቱ 60 ነው። ትልቅ ሥዕል አይደለም። ሁለት እጃችሁን ብትዘረጉ ትታቀፉታላችሁ።

አርዣንቶይ ፓሪስ አጠገብ ያለች የሴን ወንዝ ከተማ ናት። በዚያ ዘመን ፓሪሶች በባቡር እየመጡ በሸራ ጀልባ የሚዝናኑባት ቦታ ነበረች። ሞኔ ከ1871 መጨረሻ እስከ 1878 እዚያ ኖሯል። ድልድዩ ከፕሩሺያ ጋር በተደረገው ጦርነት ፈርሶ እንደገና የተሠራ ነው። ሞኔ አንድ ጀልባ ገዝቶ መጠለያ አሠራበትና እላዩ ላይ ሆኖ ይስል ነበር። ወዳጁ ኤድዋር ማኔ በዚያው በ1874 ሞኔን በጀልባው ላይ ሲስል ስሎታል። ይህ ለእኛ ትልቅ ትምህርት ነው። ሰውየው ወንዙን ከዳር አላየውም፤ ውሃው ላይ ተቀምጦ ነው ያየው። ሥዕሎቹ ውስጥ ውሃው ሰፊ ሆኖ ወደ እግራችን የሚመጣው ለዚህ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ሥራው። ከሥዕሉ አሥር እርምጃ ያህል ራቁ። ወንዝ ታያላችሁ። ጀልባዎች፣ ድልድይ፣ ማዶ ዛፎች፣ ጥርት ያለ ቀን። ከዚያ ጠባቂው እስከሚፈቅድላችሁ ድረስ ቀስ እያላችሁ ቅረቡ። አንድ ቦታ ላይ ስትደርሱ ወንዙ ይጠፋል። የሚቀረው ቀለም ብቻ ነው። ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ብጫ፣ ቀይ፤ አንዱ ከሌላው ሳይለወስ ጎን ለጎን ተቀምጧል። ያን ቦታ ልብ በሉ። ወደኋላ አንድ እርምጃ፣ ወደፊት አንድ እርምጃ በሉ። ወንዙ ይመጣል፣ ይሄዳል። እኔ ይህን ስሠራ ግማሽ ሰዓት ቆሜያለሁ።

ሲቀጥል የብሩሹን ምት ለዩ። በውሃው ላይ ምቱ ፈጣን፣ ቀጭን፣ አግድም ነው። ብሩሹ ሸራውን ነካ አድርጎ አልፏል። በዛፎቹ ላይ ቀለሙ ወፍራም፣ ምቱ አጭርና ጥቅጥቅ ያለ ነው። ጀልባው ላይ ያለው ሰው ደግሞ በስስ ሰማያዊ ከመዳሰሱ በቀር ምንም የለውም። ፊት የለውም፣ እጅ የለውም። ግን ሰው ነው። ለእያንዳንዱ ነገር የራሱ የእጅ አካሄድ አለ። እኔ ሰማዩንም፣ ውሃውንም፣ ድልድዩንም በአንድ ዓይነት እጅ ነበር የምቀባው። ላስቲኩ የመጣው ከዚያ ነው።

እርሳስና ትንሽ ደብተር ያዙ። ሥዕሉን አትገልብጡ። የምቶቹን አቅጣጫ ብቻ ጻፉ፤ እዚህ አግድም፣ እዚህ ሰያፍ፣ እዚህ ወደታች። ያቺ ገጽ ከማንኛውም ፎቶ ትበልጣለች።

የሚያስፈልገው ዕቃ

ብዙ አይደለም። ሞኔ ሥዕሎቹን ለሚሸጥለት ለዱራን ርዩኤል ቤት በ1905 በጻፈው ደብዳቤ የሚጠቀምባቸውን ቀለሞች ዘርዝሯል። ስድስት ናቸው። ነጭ፣ ካድሚየም ብጫ፣ ቨርሚሊየን ቀይ፣ ጠቆር ያለ ወይን ጠጅ መሰል ቀይ፣ ኮባልት ሰማያዊና ዛሬ ቪሪዲያን የምንለው አረንጓዴ። ጥቁር የለበትም። እኔም ስድስት ይዤ ነው የምወጣው። በነጩ ፋንታ ቲታኒየም ነጭ፣ በቨርሚሊየን ፋንታ ካድሚየም ቀይ፣ በወይን ጠጁ ፋንታ አሊዛሪን ነው። ጥቁሩን ቤት ተዉት። ጥቁር ሲያስፈልጋችሁ ቪሪዲያንና አሊዛሪን ቀላቅሉ። የሚወጣው ጥቁር ሕይወት አለው።

ብሩሽ ጠፍጣፋ ይሁን። ባለ ብረት ማሰሪያ ጠፍጣፋ ብሩሽ በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ባይስፋፋ ኖሮ ያ አራት ማዕዘን የሚመስል ምት እንዲህ በብዛት አይታይም ነበር። ቁጥር 4፣ 8 እና 10 ይበቃሉ፤ አንድ ቀጭን ክብ ብሩሽም ጨምሩ። ጠንካራው ብሩሽ አብዛኛውን ጊዜ ከአሳማ ፀጉር ነው የሚሠራው። ያ የማይመቸው ሰው ጠንከር ያለ ሰው ሠራሽ ብሩሽ ይግዛ። በደንብ ይሠራል።

ሸራው ትንሽ ይሁን፤ 30 በ40 ሴንቲ ሜትር። ነጭ ሸራ ላይ በቀጥታ አትጀምሩ። ከቀናት በፊት በስሱ ቡላ ወይም ነጣ ያለ ግራጫ ቀቡትና ይድረቅ። ከኢምፕሬሽኒስቶቹ፣ ማለትም ከእነሞኔ ቡድን፣ በፊት የነበሩት ብዙዎቹ ሠዓሊዎች ጠቆር ባለ ቡናማ መደብ ላይ ነበር የሚጀምሩት። እነሞኔ መደቡን አነጡት። በምቶቹ መካከል ክፍተት ሲተዉ መደቡ ራሱ ብርሃን ሆኖ ይወጣል። ይህ በኋላ ውሃው ላይ ይጠቅማችኋል።

የቀለሙ ዘይት የተልባ ዘይት ነው። በጾም የምንጠጣው ያው ተልባ። ግን ከኩሽና አታምጡ፤ ለሥዕል የተጣራውን ግዙ። ማቅጠኛው ሽታ የሌለው ይሁን።

ሰዓትና ቦታ

የሌሊት ሥራ ነው የምሠራው። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ እወጣና ቀጥታ ወደ ወንዙ እሄዳለሁ። ይህ ሰዓት ለእኔ ዕድል ሆኖልኛል። ፀሐይ ከኋላዬ ትወጣለች፤ ድልድዩ ፊቱን ይበራል። ኪ ብሪጅ በ1923 የተከፈተ የኮንክሪት ድልድይ ነው። ራሱ ግራጫ ነው። በዚያ ሰዓት ግን ግራጫ ሆኖ አይታይም። ብርሃን ያረፈበት በኩል የበሰለ ዳቦ ቅርፊት ይመስላል። ጥላው በኩል ወደ ሐምራዊ ያደላል። ማታ ከሄዳችሁ ነገሩ ይገለበጣል። ፀሐይዋ ከድልድዩ በስተኋላ ትሆናለች። ድልድዩ ይጠቁራል፣ ውሃው ይነድዳል። ሁለቱም ጥሩ ናቸው። አንድ ምረጡና እሱን ብቻ ያዙ።

ከሁለት ሰዓት በላይ አትቀመጡ። ብርሃኑ ይሄዳል፤ እናንተ ግን የመጀመሪያውንና የኋለኛውን አንድ ላይ ትለውሳላችሁ። ሞኔ በ1891 በኤፕት ወንዝ ዳር ፖፕላር የሚባሉ ረጃጅም ዛፎችን ሲስል፣ ለአንዱ ሸራ የሚሆነው ብርሃን የሚቆየው ሰባት ደቂቃ ብቻ ነበር። ከአንዲት ቅጠል ላይ ፀሐይ ሲነሳ ያን ሸራ አስቀምጦ ሌላ ያነሳ ነበር። ይህን የነገረን ሞኔ በኖረባት በዢቨርኒ መንደር ጎረቤቱ የነበረችው አሜሪካዊቷ ሠዓሊ ሊላ ካቦት ፔሪ ናት። እኛ ሰባት ደቂቃ አንልም። ግን ነገ በዚያው ሰዓት መመለስ እንችላለን። ሰማዩ ካልመሰለ ሌላ ሸራ ጀምሩ። ሞኔም ቢሆን ሁሉን ነገር ውጭ አልጨረሰም። ብዙዎቹን ሥዕሎች ቤት ውስጥ እንደገና ነካክቷቸዋል። ስለዚህ በአንድ ጠዋት አለመጨረስ ሊያስጨንቃችሁ አይገባም።

አጀማመር

ዓይናችሁን ጠበብ አድርጉ፤ ሽፋሽፍታችሁ እስኪነካካ። ዝርዝሩ ይጠፋል። የሚቀረው ሦስት አራት ትልልቅ ቁራጭ ነው። የበራ፣ መካከለኛ፣ ጠቆር ያለ። እነዚህን ቁራጮች በትልቁ ብሩሽ፣ ቀለሙን በማቅጠኛ አሳስታችሁ፣ ቶሎ ቶሎ አስቀምጡ። መስመር አታውጡ። የአጎቴ እጅ ለሚመጣባችሁ ሰዎች ይህ ከባድ መሆኑን አውቃለሁ። መፍትሔ ያገኘሁት እርሳሱን ቤት በመተው ነው።

ካቦት ፔሪ ስለ ሞኔ ከጻፈችው ውስጥ አንዱ ምክር እዚህ ላይ ይሠራል። ፊታችሁ ያለው ዛፍ ወይም ቤት መሆኑን እርሱት፤ እዚህ ጋ ትንሽ ሰማያዊ ካሬ፣ እዚያ ጋ ሞላላ ሮዝ፣ ከዚያ ብጫ ሰንበር ነው በሉና እንዳያችሁት አስቀምጡት ነው ነገሩ። ስሙን መርሳት ማለት ነው። እኔን ያሰናከለኝ ስም ስለነበር ይህ ምክር ልቤ ውስጥ ገባ። አሁን ብሩሽ ሳነሳ «ውሃ» አልልም። «ከአንዷ ምሰሶ ሥር ያለችው ጠይም ቁራጭ» እላለሁ።

ከዚህ በኋላ ሰማዩን አንሱ። ሰማዩን ስትቀላቅሉ ከሚያስፈልጋችሁ እጥፍ አድርጉ። ግማሹን ሰማዩ ላይ አዋሉ። የቀረውን ቀለም የምትቀላቅሉበት ሰሌዳ (ፓሌት) ዳር አስቀምጡት፤ ለውሃው ነው። ይህቺን አንድ ነገር ብቻ ከዚህ ጽሑፍ ብትወስዱ ደስ ይለኛል። ውሃውና ሰማዩ ከአንድ ክምር ሲወጡ ሥዕሉ ወዲያው ይገጣጠማል። ለየብቻ ከተቀላቀሉ ግን ምንም ብትደክሙ ሁለት አገር ናቸው።

ውሃው

እዚህ ላይ ልቆይ፤ ሁሉም ነገር ያለው እዚህ ነው።

ቁሙና እግራችሁ ሥር ያለውን ውሃ ቁልቁል ተመልከቱ። ወደ ውስጥ ታያላችሁ፤ ደለሉን፣ ድንጋዩን። ቀለሙ ቡናማ ወይም ጠቆር ያለ አረንጓዴ ነው። አሁን ዓይናችሁን ቀስ እያላችሁ ወደ ማዶ ውሰዱ። ውሃው እየነጣ፣ ሰማዩን እየመሰለ ይሄዳል። ምክንያቱ የምናይበት ማዕዘን ነው። ቁልቁል ስናይ አብዛኛው ብርሃን ወደ ውስጥ ይሰርጋል። በአግድም ስናይ አብዛኛው ተንጸባርቆ ወደ ዓይናችን ይመጣል። ስለዚህ አንድ የውሃ ቀለም የሚባል የለም። ከሸራው ግርጌ በአረንጓዴና ቡናማ ትጀምራላችሁ። ወደ ላይ በሄዳችሁ ቁጥር ከዚያ ካስቀመጣችሁት የሰማይ ክምር እየጨመራችሁ ትሄዳላችሁ።

ቀጥሎ ሞገዱ። ትንንሾቹ ሞገዶች እያንዳንዳቸው ሁለት ፊት አላቸው። ወደ እኛ ያዘነበለው ፊት ከፍ ያለውን የሰማይ ክፍል ያሳያል፣ ወይም ወደ ውስጥ ያሳያል። ስለዚህ ጠቆር ይላል። ወደ ማዶ ያዘነበለው ዝቅ ያለውን፣ ነጣ ያለውን ሰማይ ይይዛል። ጠቆር፣ ነጣ፣ ጠቆር፣ ነጣ። የሞኔ የተቆራረጠ ምት ከዚህ የመጣ ነው። ለጌጥ ብሎ አልቆራረጠውም። ውሃው ራሱ ተቆራርጦ ነው የሚታየው።

አሁን እጃችሁ። ብሩሹን እንደ እስክሪብቶ አትያዙት። ከጫፉ ያዙት። ክንዳችሁ ከትከሻ ይንቀሳቀስ። ጠፍጣፋውን ብሩሽ ቀለም አስይዛችሁ አግድም፣ ነካ አድርጋችሁ ሳቡና አንሱ። ደግማችሁ አትሂዱበት። አንዴ ቀለም ባስያዛችሁ ሦስት ምት ብቻ። ከዚያ ብሩሹን በጨርቅ ጠርጉና እንደገና አስይዙ። አራተኛውና አምስተኛው ምት ከሥሩ ያለውን ቀለም እየላሰ ያጨቀየዋል። እኔ ይህን ለማወቅ ብዙ ሸራ አበላሽቻለሁ።

የምቱ መጠንም ይለያል። ከፊት ያለው የጣት ያህል ይርዘም። መካከል ላይ የባቄላ ያህል። ማዶው ጋ ሲደርስ የሰሊጥ ፍሬ ይሁን፤ እየተጠጋጋም ይሂድ። ይህን ብቻ ብታደርጉ ውሃው ጠፍጣፋ ሆኖ ይተኛል፣ ርቀትም ያገኛል። ሁሉንም እኩል ካደረጋችሁት ግን ውሃው እንደ ግድግዳ ይቆማል። ክፍተት ተዉ። ያ ቡላው መደብ በመካከል ብቅ ብቅ ሲል የብርሃን ፍርክስካሽ ይሆናል።

ነጸብራቅ

በአማርኛ ጥላ ስንል ሁለት ነገር እንለዋለን። መሬት ላይ የሚወድቀውንም፣ ውሃ ውስጥ የምናየውንም። ሠዓሊ ግን ሊለያቸው ይገባል። የመሬቱ ጥላ ከፀሐይ ጋር ይዞራል። የውሃው ነጸብራቅ አይዞርም። ሁልጊዜ ከነገሩ በቀጥታ ወደታች፣ ወደ እናንተ ይመጣል። የጀልባው ምሰሶ ወደ ግራ ካዘነበለ ነጸብራቁም ወደ ግራ ያዘነብላል። ፀሐይዋ የትም ትሁን።

ሌላም አለ። የነጣው ነገር በውሃ ውስጥ ትንሽ ይጠቁራል። የጠቆረው ደግሞ ትንሽ ይነጣል። ነጭ የጀልባ ሸራ ካለ፣ ነጸብራቁን በነጭ አትሥሩት። ነጩ ላይ የብርቱካን ጫፍ፣ ትንሽ ሰማያዊ ጨምሩበት። ድልድዩ ሥር ያለው ጨለማ ደግሞ ውሃው ላይ እንደ ላይኛው አይጨልምም።

ከሁሉ የገረመኝ ግን ቅስቱ ነው። ድልድዩን ስናየው የመንገዱን ጎንና የቅስቱን ፊት እናያለን። ነጸብራቁ ውስጥ ደግሞ የቅስቱ ሆድ ይበልጥ ይታያል። ውሃው ድልድዩን የሚያየው ከታች ነውና። የሳላችሁትን ድልድይ ወደታች ገልብጣችሁ ብትደግሙት አይሆንም ማለት ነው። ይህን አንድ ጠዋት በዓይኔ እስካየው ድረስ ነጸብራቄ ሁሉ ከወረቀት የተቆረጠ ይመስል ነበር።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ነጸብራቁን በስስ ቀለም ወደታች ሳቡት። ጠርዙ ለስለስ ይበል። ከዚያ ንጹህ ብሩሽ ውሰዱና ያን የሰማይ ቀለም አስይዛችሁ አግድም ቆራርጡት። ወደ እናንተ በቀረበ ቁጥር ቁርጡ ይብዛ፣ ይስፋ። ከላይ፣ ነገሩ ውሃውን የሚነካበት ጋ፣ ሳይቆረጥ ደህና ሆኖ ይቅር። ቀዛፊዎች በማለዳ ሲያልፉ ነጸብራቁ ይበታተንና እንደገና ይሰበሰባል። ያን ጊዜ ብሩሽ አስቀምጡና ዝም ብላችሁ እዩ።

ቀለም ከጎረቤቱ ጋር

በ1839 ሚሼል ዩጂን ሸቭሯል የተባለ ፈረንሳዊ ኬሚስት ስለ ቀለም መጽሐፍ አሳትሟል። ሰውየው ጎብለን በሚባለው የፓሪስ የምንጣፍና የግድግዳ ሽመና ቤት የማቅለሚያ ክፍል ኃላፊ ነበር። ጥቁሩ ክር ደክሟል የሚል አቤቱታ ይመጣበታል። ቢመረምር ማቅለሚያው ደህና ነው። ጥቁሩን ያደከመው አጠገቡ ያለው ቀለም ነበር። በሐበሻ ቀሚስ ጥበብ ላይ ቀዩ ከአረንጓዴው ጎን ሲሆን እንዴት እንደሚደምቅ እዩ። ያው ነው።

ለወንዝ ሥዕል ይህ ምን ይሠራል? ሰማያዊ ውሃ እንዲበራ ስትፈልጉ ሰማያዊ አትጨምሩ። ጎኑ ላይ ጥቂት ብርቱካን አስቀምጡ። የአርዣንቶይን ሥዕሎች በዚህ ዓይን ብታዩዋቸው ይገባችኋል። ሞቃት ቀለሙ ጥቂት ነው፤ ውሃው ግን በእሱ ኃይል ነው የሚበራው። እኔ ፖቶማክ ላይ የድልድዩን ሞቃት ነጸብራቅ ከሰማያዊው ጋር ሳላለውስ አስቀምጠዋለሁ። ከተለወሱ ጭቃ ነው። ጎን ለጎን ከተቀመጡ ዓይን ራሱ ያገናኛቸዋል።

የፀሐይዋ ብልጭታ

ይህ የመጨረሻው ነው። ከዚህ በፊት አትንኩት፤ በጣም ያጓጓል።

ብዙ ሰው ብልጭታ ማለት ነጭ ይመስለዋል። ሞኔ በ1872 የሳለውን «ኢምፕሬሽን፣ የፀሐይ መውጫ» የተባለውን አስቡ። ፓሪስ ማርሞታን ሞኔ ሙዚየም ውስጥ ነው ያለው። በ1874 ሠዓሊዎቹ በአንድ ላይ ባሳዩት የመጀመሪያ ትርኢት ላይ ነበር፤ «ኢምፕሬሽኒስት» የሚለውን ስምም አንድ ሃያሲ ከእሱ ወስዶ ሊያፌዝባቸው ነው ያወጣው። ወንዝ አይደለም፤ የለ አቭር ወደብ ነው። ግን የውሃ ብርሃን ትምህርቱ አንድ ነው። ሥዕሉን በስልካችሁ ላይ አውጡና ወደ ጥቁርና ነጭ ቀይሩት። ያቺ የምትነድ ብርቱካን ፀሐይ ትጠፋለች ማለት ይቻላል። ከሰማዩ ነጥታ አልተሳለችም። የምታበራው በቀለሟ ብቻ ነው፤ በዙሪያዋ ያለው ሁሉ ቀዝቃዛ ግራጫ ስለሆነ።

ስለዚህ ብልጭታችሁን ከማስቀመጣችሁ በፊት የእናንተንም ሥዕል በስልክ አንሱና ጥቁርና ነጭ አድርጉት። ውሃው ገና ብዙ ነጭ ካለበት ብልጭታው ቦታ የለውም። አንዳንዱን አጥቁሩ። ከዚያ ነጭ ላይ የብጫ ወይም የብርቱካን ጠብታ ጨምሩና፣ ቀለሙን ሳታቀጥኑ፣ ወፍራም አድርጋችሁ በብሩሹ ጫፍ ያዙ። አንዴ አስቀምጡና እጃችሁን አንሱ። አትጥረጉት፤ አታስተካክሉት። አምስት ስድስት ይበቃል። እኔ አንዴ ሠላሳ አስቀምጬ ወንዙ የገና ዛፍ ሆነብኝ። ሃያ አራቱን በስፓቱላ ፍቄ አወጣሁ።

ሰዎቹና ጀልባዎቹም እዚህ ላይ ይገባሉ። አንድ ሰው ሁለት ምት ነው። አንድ ለገላ፣ አንድ ለራስ። ሦስተኛ ከጨመራችሁ ዓይን እዚያ ይቀርና ወንዙን ይረሳል።

ስትነሱ

ማቅጠኛውን ወንዝ ውስጥ አትድፉ። ክዳን ባለው ብርጭቆ ይዛችሁ ተመለሱ። ደለሉ ሲቀመጥ የላዩን ደግማችሁ ትጠቀሙበታላችሁ። በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅ ተጨማዶ ከተጣለ በራሱ ሞቆ ሊቀጣጠል ይችላል። ክዳን ባለው ቆርቆሮ ውስጥ ውሃ ጨምሩበትና እዚያ ክተቱት። ይህን ቸል አትበሉ፤ አፓርታማ ውስጥ የምንኖር ሰዎች ነን።

እርጥቡን ሸራ ወደ ቤት ለመውሰድ እኩል መጠን ያለው ባዶ ሸራ ይዛችሁ ውጡ። በአራቱ ማዕዘን ትንንሽ የቡሽ ቁራጭ በመርፌ ቁልፍ ሰክታችሁ ሁለቱን ፊት ለፊት ግጠሙና በገመድ እሰሯቸው። ቀለሙ አይነካም። አውቶቡስ ላይ በጉልበታችሁ መካከል ይቆማል። ቤት ስትደርሱ ፍቱትና ወደ ግድግዳ አዙራችሁ አቁሙት። እስከ ማግስቱ አትዩት። በማግስቱ ገልብጣችሁ አቁሙት፤ ሰማዩ ታች፣ ውሃው ላይ። የትኛው ውሃ የትኛው ሰማይ እንደሆነ አሁንም ወዲያው ከለያችሁ ምቱ ሠርቷል። ካልለያችሁ ውሃው ላይ አግድም ምት ጎድሏል፤ በሚቀጥለው ጠዋት በዚያው ሰዓት፣ ደረቅ ባለ ብሩሽ፣ ከግርጌው ጀምሩ።